የዘርፌ ጉልበት

ጥር 18 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ከጦርነቱ በፊት የገዛሁት የመድኃኒት ቅጠሎችን ስም ልጽፍበት ነበር። እስከ ዛሬ የሞላው ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ጮኼ የማልናገረውን ነገር የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ አወጣሁት።

ሥራነሽ፣ የምንይችል ሚስት፣ ልጇን አዝላ ከአምበር ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሯ ሄዳ ተመለሰች። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟ የዓለምዘርፍ ሲሆን ሁላችንም ዘርፌ እንላታለን። በሰባት ወሯ ነው የተወለደችው። ቆማ አትሄድም። ጭኖቿ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ተረከዟ መሬት አይነካም፣ ቀኝ እጇ ከተጨበጠ አይፈታም። ምሽጉ ውስጥ ያለው የጣሊያን ሐኪም ከወንበሩ ሳይነሣ አያትና በቱርጁማኑ አፍ «ከራሷ ውስጥ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ ነው፤ መድኃኒት የለውም፤ አትድከሚ» አላት። ቀጥሎ ባልሽ የት ነው፣ ስንት ጠመንጃ አለው ብሎ ጠየቃት።

ሳይነካት! ሠላሳ ዓመት ወጌሻ ሆኜ ስኖር እጄን ሳላሳርፍበት ስለ ሰው አካል አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ልጅ አዝላ መጥታ ጣቱን እንኳ አልዘረጋላትም። ስለ ባሏ ለመጠየቅ ግን ጊዜ ነበረው።

ይህን የነገረችኝ ሥራነሽ አይደለችም፤ ከገበያ ነው የሰማሁት። ከሁለት ዓመት ወዲህ በደጄ ስታልፍ ቀና ብላ አታይም። ወጌሻ በጎረቤቷ እያለ ፈረንጅ ዘንድ መሄዷ ያናድዳል። ምን በደልኋት?

ጥር 21

የማርያም ዕለት። ጠላ እየጠጣን ሳለ ባምላኩ፣ የምንይችል ታናሽ ወንድም፣ ስለ ዘርፌ ሲናገር ሰማሁት። «እግዜር ቢሰበስባት ለእናቷም ዕረፍት ነበር» አለ። የወንድሙ ልጅ ናት። ሰዎቹ እንደ ቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደሜ ፈላ። ዋንጫዬን አስቀምጬ ተነሣሁና ወጣሁ። መንገድ ላይ ነው አንድ ቃል እንኳ እንዳልመለስሁለት ያወቅሁት።

ጥር 24

ቤታቸው ሄድሁ። የተቀበሉኝ እመት አሰገደች ናቸው፣ የምንይችል እናት። ልጅቷ ጓዳ ነበረች፤ እንግዳ ሲመጣ እዚያ ያስገቧታል። ገና «እንዴት ዋላችሁ» ስል ከጓዳው የተሰማው ጩኸት የሚረሳ አይደለም። ገብቼ ሳይ መላ አካሏ እንደ ግንድ ደርቆ ነበር።

«የያዛት ነገር ነው፤ ሰው ሲመጣ እንዲህ ያደርጋታል» አሉ እመት አሰገደች።

የያዛት ነገር የለም አልኋቸው። ጋኔን የወጌሻ ድምፅ ለይቶ አያውቅም። ታዲያ ለይቶ ያወቀኝ ምንድን ነው ብለው ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርሁ።

ሥራነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ምን ቀረዎት?» አለችኝ። ተመለስሁ።

ጥር 29

አዋጅ ወጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ። ምንይችል ከትናንት ጀምሮ የለም። የት እንዳለ አላውቅም ብዬ እዚህ እጽፋለሁ።

የካቲት 3

ሥራነሽን ከወንዝ ስትመለስ አገኘኋት። እንስራው በጀርባዋ፣ የአራት ወሩ ልጇ ታረቀኝ በደረቷ። ቆማ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እንስራውን ተቀብዬ ቤቷ አደረስሁላት። ደጃፉ ላይ እንዲህ አለች፦

«ለዘርፌ ይምጡ፤ ግን እጅዎን ብቻ። እንጨት የለም፣ ገመድ የለም። ካለቀሰች ይተዋሉ።»

እሺ አልሁ። ምን ያህል እንደተቆጣሁ ለራሴ ልንገረው። በሙያዬ ገብታ ታዘኛለች! አባቴ ያስተማረኝ የተጣመመ ሁሉ በቀርቀሃ ታስሮ እንደሚቃና ነው። የስንቱን ክንድ፣ የስንቱን ቅልጥም አቃንቻለሁ። አርባ ቀን ከታሰረ የማይገጥም አጥንት የለም። የዘርፌ ግን…

ይበቃል ለዛሬ።

የካቲት 4

የመጀመሪያው ቀን። ልጽፈው የሚገባ ነገር አይቻለሁና በዝርዝር እጽፋለሁ።

ዘርፌን እናቷ እቅፏ ውስጥ አድርጋ ያዘችልኝ። እኔ ከፊቷ አልቀረብሁም፤ ጎን ለጎን ተቀምጬ መጀመሪያ የእናቷን እጅ አሸሁ፣ እንድታይ። ከዚያ የእሷን። ከዚያ እግሯን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቀለልሁ። ብሽሽቷ አጠገብ ያለው ጅማት እንደ ተወጠረ ክራር ነው። በለመድሁት ዓይነት ሳብ ባደርገው መልሶ ሳበኝ፤ ጉልበት ስጨምር እሱም ይጨምራል። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሃምሳ ዓመት የሆነኝን ሰው አሸነፈችኝ።

ተውሁት። ሳልስብ እጄን ብቻ አሳርፌ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጭኗ ራሱ ለቀቀ። ትንሽ ከፈት አድርጌ እንደገና ደገምሁ፤ እንደገና ለቀቀ። እመት አሰገደች የድስት ክዳን ሲወድቅባቸው ግን መላ ሰውነቷ በአንድ ጊዜ ተቆለፈ። ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

አጥንቷ ጤና ነው። መገጣጠሚያዋም ጤና ነው። ትእዛዙ ነው ከላይ ተሳስቶ የሚወርደው። ስለዚህ ሐኪሙ «ከራሷ ነው» ያለው እውነት ነው። የሚያበሳጨኝ ያን እውነት ካወቀ በኋላ «አትድከሚ» ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ያን እውነት ሳላውቅ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ከአጥንት ጋር ስታገል።

የካቲት 8

ስትበላ አየሁ። በጀርባዋ አስተኝተው በአፏ ይጨምሩላታል! ትን እያላት፣ ዓይኗ እስኪፈጥ። «እህል አይስማማትም» ይላሉ። እኔም ተንጋልዬ ብበላ አይስማማኝም።

ግድግዳው ከግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ ላይ አስቀመጥኋት። ግራና ቀኟን ጭድ በሞላ ስልቻ ደገፍሁ፣ በጭኖቿ መካከል ሦስተኛ ስልቻ፣ ከእግሯ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ። ራሷ ቀና አለ። ገንፎ በእንጨት ማንኪያ ሰጠኋት፤ እጀታው ቀጭን ነውና ጨርቅ ጠቅልዬ አወፈርሁት፤ ያኔ ጨበጠችው። የጨበጠችው በግራ ነው።

«በግራ እጅ? ሰው ምን ይላል?» አሉ እመት አሰገደች።

«ስትራብስ ሰው ምን አለ?» አልኋቸው።

ከአምስት ማንኪያ አራቱ ጉንጯ ላይና አንገቷ ላይ ቀረ። አምስተኛው ገባ። እናቷ ወደ ውጭ ወጣች። እኔ ደግሞ ለምን ይህን ከሁለት ዓመት በፊት አላሰብሁትም ብዬ ስልቻውን እያስተካከልሁ ቆየሁ፤ ስልቻው ምንም አልጎደለበትም ነበር።

የካቲት 12

ጭቃ ሹሙ አስጠራኝ። ከምሽጉ ትእዛዝ መጥቷል፤ የፈቃድ ወረቀት የሌለው ወጌሻ አጥንት እንዳይጠግን። ጥይት የመታው ሰው ማን መጣብህ አለኝ። የምንይችልን ልጅ እግር ከማሸት በቀር ሥራ የለኝም አልሁት። ሳቀ። «አገር እንዲህ ሆኖ አንተ የሽባ እግር ታሻለህ?»

አገር ማለት ምን እንደሆነ ልጠይቀው ነበር። አገሩን የሸጠው እሱ፣ ስለ አገር የሚሰብከኝም እሱ።

የካቲት 15

ቆላ ወርጄ ነበር። አንድ ትከሻ፣ አንድ ጭን ጠገንሁ። ሌላ አልጽፍም።

የካቲት 18

ሦስት ቀን ብቀር ልጅቷ መልሳ ደርቃለች። ሥራነሽን በቁጣ ተናገርኋት፤ እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ቀን አይታጎልም፣ እናት ሆነሽ እንዴት አልሁ። መዳፏን አየሁት። ሦስቱን ቀን እህል ስትቀብር ነው የከረመችው፤ የወታደር ምግብ እንዳይሆን። መዳፏ ተልጦ ነበር።

አፈርሁ። አፍሬም አላቆምሁም፤ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። የተለየ ጊዜ የላትም፤ ስለዚህ ሥራው ከሥራዋ ጋር ይሂድ። ስትሸከማት እግሯን አንድ ላይ ጠቅልላ በጀርባዋ ሳይሆን ጭኖቿን ከፍታ በጎኗ ላይ እንድታንጠለጥላት፤ ስታጥባት ጭኗን፣ ስታለብሳት ክንዷን ቀስ ብላ እንድትዘረጋ፤ ቀሚሷን ከማጥለቋ በፊት «እጅሽን አምጪ» ብላ እንድትጠብቃት። አምጥታ እስክትጨርስ። ይህ የመጨረሻው ነው ከሁሉ የከበደን፤ መጠበቅ።

የካቲት 23

ጾም ገባ። እመት አሰገደች በቅቤ አትሽ አሉኝ። አፏ ውስጥ አልጨመርሁም ብዬ ብሟገትም አልሆነም። በኑግ ዘይት ቀየርሁ። ለእግር ዘይትም ቅቤም ያው ነው፤ የተናደድሁት ለቅቤው ያሰቡትን ያህል ለልጅቷ ባለማሰባቸው ነው።

እንዲህ የምለው ከበሩ ስወጣ የሰማሁትን ስለሰማሁ ነው። ባንዳዎቹ ከመጡ ሁሉም ወደ ቆላ ይወርዳል። መንገዱ ገደል ነው። ሥራነሽ ታረቀኝን ታዝላለች፤ ሁለት ልጅ አዝላ ያን ቁልቁለት አትወርድም። ዘርፌን ሌላ ሰው ካዘላት ደርቃ ሚዛን ታስታለች። እመት አሰገደች ዘርፌ በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ከምትኖረው መነኩሲት ጎጆ ትቆይ አሉ። «ሕፃን ምን ያደርጓታል? ከእኛ ጋር ብትሆን ግን ሁላችንን ታስጨርሳለች።»

ባምላኩ በቅሎ አለው። ሄጄ ጠየቅሁት። ራሷን ችላ መቀመጥ የማትችል ልጅ በቅሎ ላይ ምን ትሠራለች አለኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ወንዙ ሰው ሳይዛት ከተቀመጠች በቅሎዋን እሰጣለሁ፤ ካልሆነ ስንቅ እጭንባታለሁ አለ።

ዛሬ ዝም አላልሁም። «በሃያ ቀን ውስጥ ታየዋለህ፤ ስንቅህን በራስህ ጀርባ ልመድ» አልሁት። ስመለስ ራሴን ጠየቅሁ፦ በማን እግር ነው የተወራረድሁት?

የካቲት 26

አህያዬ ላይ አወጣናት። ጭድ የሞላ ስልቻ እንደ ኮርቻ፤ ሥራነሽ በግራ፣ እኔ በቀኝ። መጀመሪያ ተቆለፈች፣ ጮኸች። ቁሙ አላልሁም፤ አህያዋን በዝግታ አስኬድሁ። ሃያ እርምጃ፣ ሠላሳ እርምጃ። የአህያዋ ጀርባ ግራ ቀኝ ሲል የልጅቷም ወገብ አብሮ ማለት ጀመረ፤ ጭኖቿ እየሞቁ ሄዱና ወደታች ተንጠለጠሉ። እኔ በስንት አቡነ ዘበሰማያት የማገኘውን አህያዋ አንዴ ግቢውን ዞራ ሰጠችን።

አህያ ከእኔ ትበልጣለች። የአባቴ ቀርቀሃም ከእሷ ያንሳል። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ግን በማን እንደተናደድሁ አላውቅም።

መጋቢት 2

ሁለቴ ወደቀች። አንዴ እኔ ላይ። ግንባሯ አበጠ። እመት አሰገደች ሰደቡኝ። ሥራነሽ አነሣቻትና መልሳ አህያዋ ላይ አስቀመጠቻት።

መጋቢት 7

ሰዎች ዘርፌ ምንም አይገባትም ይላሉ፤ በፊቷ ቆመው ስለ ሞቷ ይነጋገራሉ። ቃል ለማውጣት ረጅም ጊዜ ይፈጅባታል፤ ከንፈሯ ይሞክራል፣ አንገቷ ይወጠራል፤ ያኔ አንዱ ይቸኩልና በእሷ ፈንታ ይናገራል። ማንም ቃል እንዳያቀብላት ከልክያለሁ።

ዛሬ ጉልበቷን ሳሽ ከጉልበቷ ሥር ያለችውን ጠባሳ ነካሁ። እግሯን ሰበሰበችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ጠበቅሁ።

«አታስረኝም?» አለች።

«አላስርሽም።»

ዘይቱን ላመጣ ብዬ ወጣሁ። ዘይቱ ግን አጠገቤ ነበር።

መጋቢት 12

ባምላኩ በቅሎውን አመጣ። ግማሽ መንደር ተሰብስቧል፤ ልጅ ስትወድቅ ለማየት። እናቷ ከወንዙ ዳር እንድትጠብቅ አደረግሁ፤ ልጅቷ ፊቷን እያየች እንድትመጣ። እኔ ልጓሙን ይዤ ፊት ፊት ሄድሁ፤ ዞሬ እንዳላይ ባምላኩ ከለከለኝ።

የመንገዱ እኩሌታ ላይ ውሻ ጮኸ። ከኋላዬ ሰዎቹ «ወይ!» ሲሉ ሰማሁ። አልዞርሁም። ቆይቶ የነገሩኝ እንዲህ ነው፦ ደርቃ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች፤ ከዚያ ግራ እጇ ሄዶ የኮርቻውን ራስ ጨበጠ፤ ቀስ እያለች ተመለሰች። ማንኪያ የጨበጠው፣ ሰው ምን ይላል የተባለለት እጅ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ባምላኩ ልጓሙን ከእጄ ተቀብሎ ለሥራነሽ ሰጣት። «ውሰዱ» አለ።

መጋቢት 19

ከወዲያ ማዶ ጭስ። ዛሬ ነው። ደብተሩን በደረቴ።

መጋቢት 22

ቆላ ነን፤ ዋሻ ውስጥ። ሁላችንም አለን።

ቁልቁለቱን የወረድነው ከረፋድ እስከ ተሲያት ነው። ባምላኩ ልጓም ይዞ፣ ሥራነሽ ታረቀኝን አዝላ፣ እመት አሰገደች በምርኩዝ፣ እኔ ከበቅሎዋ ኋላ። ከላይ ተኩስ ይሰማ ነበር፤ በተተኮሰ ቁጥር ዘርፌ ትቆለፋለች፣ እናቷ «ወደ ኋላ፣ የኔ ልጅ፣ ወደ ኋላ» ትላታለች፣ ዘርፌም ቁልቁለት ላይ እንዳስተማርናት ጀርባዋን ወደ ኋላ ትጥላለች። አንድ ቦታ መንገዱ ከበቅሎዋ ሆድ የሰፋ አልነበረም። እዚያ ማንም ሊይዛት አይችልም ነበር። ብቻዋን አለፈች።

ከገደሉ ወገብ ላይ ሆነን መንደራችን ሲቃጠል አየን። የእኔም ቤት፣ የእነሱም። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ሌላ ጭስ ተነሣ። የመነኩሲቷ ጎጆ ነው። እሷ ከእኛ በፊት ወርዳ ነበር፤ ጎጆው ባዶ ነው። «ባዶ ባይሆን ኖሮ» የሚለው ነገር አፌ ላይ መጣ። ባምላኩን አየሁት። እሱም ጭሱን አይቶ ነበር፤ ልጓሙን እንደያዘ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እመት አሰገደች የዘርፌን እግር ይዘው ቆሙ። ከዚያ እስክንርቅ ድረስ አልለቀቁትም።

ሕፃን ምን ያደርጓታል ብለው ነበር። እንዲህ ነው የሚያደርጓት። በጣሊያኑ ተናደድሁ፣ በባንዳው ተናደድሁ፣ ከጣሊያኑ አስቀድመው ልጅቷን ለሞት አሳልፈው በሰጧት በእኛ ሰዎች ተናደድሁ። ከእነሱም ውስጥ ራሴን አላወጣሁም።

መጋቢት 27

ነገ ወደ ላይ እወጣለሁ። ከምንይችል ጋር ያሉት ሰዎች ቁስለኛ አለባቸው፤ ወጌሻ የላቸውም። ከእንግዲህ መደበቁ ዋጋ የለውምና በግልጥ እጽፈዋለሁ።

ዘርፌ አትሄድም። መቼም ላትሄድ ትችላለች፤ ይህን ለሥራነሽ ነግሬአታለሁ። ግን ተቀምጣ በገዛ እጇ ትበላለች፣ በቅሎ ላይ ትቀመጣለች፣ ጠብቀው ከሰሟት ትናገራለች። ዛሬ ሥራነሽ ስታሻት ቁጭ ብዬ አየሁ። ከእኔ ትሻላለች፤ የልጅቷ ትንፋሽ ሲለወጥ እጇ ቀድሞ ያውቀዋል። የማርመው ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ሳትጨርስ ተናገርሁ። አሁን ካልተናገርሁ ሳልናገረው ልሞት እችላለሁ ብዬ ነው።

«ከሁለት ዓመት በፊት ትንሽ ትንሽ ትድህ ነበር። በቀርቀሃ አስሬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አርባ ቀን ሙሉ ጩኸቷን ከቤቴ ሆኜ እሰማ ነበር። ጩኸቱ የመዳን ነው እያልሁ እየመጣሁ አጠብቅ ነበር። ጠባሳው የኔ ነው።»

እጇን ከልጇ ጭን ላይ አላነሣችም። የጀመረችውን አቡነ ዘበሰማያት እስክትጨርስ ጠበቀች።

«አውቃለሁ። ሲያስሯት እጆቿን የያዝሁልዎት እኔ ነበርሁ» አለች።

ይህን ሁሉ ጊዜ በእኔ የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ከዘርፌ ፊት ተንበረከክሁ። ሽማግሌ ሰው ለሕፃን አይሰግድም ይሉ ይሆናል፤ ይበሉ። ግንባሬን እግሯ ላይ አድርጌ «ዘርፌ፣ ይቅር በይኝ» አልኋት። እመት አሰገደች «ይቅር ብ…» ብለው ሊያቀብሏት ሲጀምሩ ሥራነሽ በእጇ አስቆመቻቸው። ጠበቅን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ባምላኩ ዋሻው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም ቀና አላልሁም።

«በቅሎዋን… አምጣ» አለች።

ይቅር ብላኝ ይሁን፣ ወይስ የጠየቅኋት ነገር ከበቅሎዋ ያነሰ መስሏት ይሁን፣ አላውቅም። ተነሣሁና በቅሎዋን ፈታሁ፤ ኮርቻውን ጫንሁላት።